ሆስፒታል የደረሰ መርዶ

ሰው ሞቶ፣ ሞቱ እንደ ምስጢር የተያዘበት ሰፈር ኖራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ኖሬያለሁ። ሦስት ሳምንት ገደማ ትልቅ ትንሹ የሚያውቀውን ነገር አንዲት እናት ብቻ ሳያውቁ፣ በበራቸው ስናልፍ ጥርሳችንን እያሳየን «እንዴት አደሩ» ብለናቸዋል። ቀረብ በሉና ልንገራችሁ።

ሰፈሬ አሰንዳቦ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ያልፋል። እኔ ከመንገዱ ዳር በአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርምና የሴት ቀሚስ እየሰፋሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያነቡ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እጄ የገባ ወረቀት ሳይነበብ አይወጣም። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው የመድኃኒት ወረቀት በያዘ ቁጥር «ፀሐይ፣ እስኪ ይሄ ምን ይላል?» እያለ ወደ እኔ ይመጣል። ጅማ ለሕክምና የሚሄድ ሽማግሌ ካለም አብራ የምትሄደው ፀሐይ ናት። ወድጄ ነው፤ ሰው ማገዝ ደስ ይለኛል፣ ወሬም እወዳለሁ።

እትዬ አስካለ ጎረቤቴ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ታምሩ ነው። ታምሩ አይሱዙ ይነዳል፤ ቡና ጭኖ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳል። በእናቱ ደጃፍ ሲያልፍ ጡሩንባ ይነፋል፤ እሳቸውም የያዙትን ጥለው ይወጣሉ። «ምን አለ ቆም ቢል?» እንላቸዋለን። «ጭነት ይዞ እንዴት ይቁም? ይሄው ጮኸልኝ አይደል!» ይላሉ እየሳቁ።

እኚህ ሴት የሰፈራችን አልቃሽ ነበሩ። ሰው ሲሞት ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ዕቃ ነው የሚወጣው። ሟቹን በስሙ፣ በሥራው፣ በአካሄዱ እያነሱ ሲገጥሙለት፣ ዓይኑ ደርቆ የመጣ እንግዳ ሳይቀር ያለቅሳል። ክርስቲያኑም እስላሙም «አስካለ ሳይመጡ ለቅሶው አይሞቅም» ይላል።

ታዲያ አንድ ቀን የጎረቤት ለቅሶ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ነጠላቸው ሸርተት አለ። በግራ በኩል፣ ከአንገታቸው ግርጌ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያክል እብጠት ተነፍቶ አየን። ሰማያዊ ሆኖ ቆዳውን ወጥሮታል። ዝም ሲሉ ጠፋ። እንደገና ሲጮኹ ተነፋ። አንዷ ሴት «ኡኡ! ደም ሥራቸው ሊፈነዳ ነው!» ብላ ለቅሶውን ሁሉ አቆመችው።

ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። እዚያ ቁጭ ብለው፣ አደብ ገዝተው ሲታዩ ምንም የለም። ባለሙያው ዳበሰና «እንቅርት ሳይሆን አይቀርም፤ አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀሙ» አለ። አልፈረድንበትም፤ አገራችን እንቅርት የሞላበት ነው። አንድ ወጌሻ ደግሞ «መግል ነው፣ በጋለ ወስፌ ላፍስሰው» ብሎ መጥቶ፣ እትዬ አስካለ በዱላ ነው ያባረሩት። ዛሬ ሳስበው ያቺ ዱላ ነፍሳቸውን አትርፋለች።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የራሱን ሕግ አወጣ። አስካለ ለቅሶ አይድረሱ፣ ካለቀሱ አንገታቸው ይፈነዳል ተባለ። ሐኪም አይደለም ያለው። እኛው ነን ያልነው፤ አንዱ ለሌላው ሲነግረው እውነት ሆነ። ሰው ሲሞት ድንኳን ሳይገቡ ይመልሷቸዋል። «ለቅሶ ካልደረስኩ እኔ ምን ሰው ነኝ?» እያሉ በራቸው ላይ ይቀመጡ ነበር።

እንዲህ እያለን ነው ታምሩ የሞተው። ጊቤ ቁልቁለት ላይ መኪናው ፍሬን እምቢ አለው። ሚስቱ የወልቂጤ ልጅ ናት፤ ሬሳውን እዚያው ወልቂጤ አስገቡት። ወሬው አሰንዳቦ እንደደረሰ የእድራችን ሰብሳቢ አባ ዱራ ጥቂት ሰዎችን ግቢያቸው ሰበሰቡ። ደግ ሰው ናቸው፣ ክፋት አያውቁም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

«ያ ረቢ! እንዴት አድርገን ነው የምናረዳቸው?» አሉ። «ለሰው ልጅ ሲያለቅሱ እንዲያ የሆነ አንገት፣ ለራሳቸው ልጅማ በቀብሩ ላይ ይሞታሉ። ሁለት ሬሳ ልናወጣ ነው።»

«ታዲያ ሳይቀብሩት?» አልኩ እኔ።

«ፀሐይ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ አንቺ ሕክምናውን ያዢ። ጅማ ወስደሽ አንገታቸውን አሳክሚ። ሲድኑ ሁላችንም ተሰብስበን፣ በወጉ እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ታምሩ ጅቡቲ ጭኖ ሄዷል፣ ስልክ አይሠራም። በቃ።»

ሁሉም «ቶሌ፣ እሺ» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ቀባሪዎቹ ማለዳ፣ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ለብሰው፣ በየተራ ወልቂጤ ሄደው ተመለሱ። እትዬ አስካለ ጎዳናው ላይ ጡሩንባ በተሰማ ቁጥር ብቅ እያሉ፣ የሌላ ሰው መኪና አይተው ይመለሱ ነበር።

ጅማ ሄድን። በሚኒባሱ ውስጥ «ልጄ ይህን ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ አያውቅም» አሉኝ። «ጅቡቲ ሩቅ ነው» አልኳቸው። «ሙቀቱን እንዴት ይችለዋል? እሱ ላብ አይወድም» አሉ። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየቻቸው የአልትራሳውንድ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። አንገታቸውን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያዋን አስቀመጠችበት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ መስኮት የመሰለውን የመሣሪያውን መስታወት አያለሁ፤ ጥቁርና ነጭ ጭጋግ ነው።

«እማማ፣ አሁን አፍዎንና አፍንጫዎን ይዝጉና ወደ ታች ይግፉ» አለች።

«ምን ልግፋ?»

«ልክ ሲወልዱ እንዳማጡት።»

እትዬ አስካለ ተኝተው ሳቁ። «አንድ ነው የወለድኩት! እሱንም ብዙ ሳልገፋ፣ ቸኩሎ ነው የወጣው። መኪና ነጂ እንደሚሆን ያኔ አሳይቶኝ ነበር» አሉና አማጡ። እኔ ግድግዳውን ያዝኩ።

ወዲያው መስታወቱ ላይ አንድ ጥቁር ከረጢት ሲሰፋ አየሁ። ሐኪሟ ቁልፍ ነካች፤ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሆኖ ተሽከረከረ። መግፋቱን ሲተዉ ከረጢቱ ሙሽሽ አለ።

«እንቅርት አይደለም» አለች። «ከጭንቅላት ደም ይዞ ወደ ልብ የሚወርድ ደም መላሽ ሥር አለ። የእሳቸው አንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ሆኗል። ሲጮኹ፣ ሲያስሉ፣ ሲያጎነብሱ ደም ይሞላዋል። ቁጭ ሲሉ ይፈሳል፤ ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ ያልታየው። በመርፌም በምንም የወጋው ሰው አለ?»

«ሊወጋው የመጣ ነበር።»

«እንኳን አልወጋው! መግል ሳይሆን ደም ነበር የሚያገኘው፤ ማቆሚያውም ይቸግረው ነበር።» ከዚያ መሣሪያዋን አንድ ጥግ ላይ ያዘች። «እዚህ ጋ የረጋ ደም አለ» አለች ቀስ ብላ። «ቀዶ ሐኪሙ ዛሬውኑ ይያቸው።»

ሲቲ ስካን ከተነሱ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ አልጋ አስያዛቸውና እኛን ሁለታችንን አስቀምጦ በአማርኛ አስረዳን። ረጋ ያለ ሰው ነው። ከረጢቱን ከላይና ከታች አስሮ እንደሚያወጣው፣ ደሙም በሌሎቹ ሥሮች መንገዱን እንደሚያገኝ ነገረን። የሚያሰጋው የረጋው ደም ከቦታው ተነስቶ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ነው፤ ስለዚህ በዚሁ ሳምንት መሠራት አለበት። ለጥንቃቄ ደም የሚሰጥ ዘመድ ቢገኝ ጥሩ ነው አለ።

«ልጅ አለኝ» አሉ እትዬ አስካለ ቀና ብለው። «ጎረምሳ ነው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ። ግን እሱ ሳይመጣ አንገቴን አላስነካም።»

«እማማ፣ ጊዜ የለንም እኮ።»

«ልጄ፣ ቢላዋ ነው የምታወራኝ ያለኸው። ከተኛሁ በኋላ ባልነቃስ? ልጄን ሳላይ አልተኛም። ጅቡቲ ነው ብለውኛል፤ ይመለሳል። እጠብቃለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ለመንኳቸው። ነርሷም ለመነች። በጎን ካለው አልጋ ልጇን የምታስታምም ሃዋ የምትባል የአጋሮ ሴት ነበረች፤ እሷም «ሃደ ኮ፣ እናቴ፣ እሺ ይበሉ፣ ልጅዎ ሲመጣ ድነው ያገኝዎታል» አለቻቸው። እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የማይመጣ ልጅ እየጠበቁ ሊሞቱ ነው። እኔ ደግሞ እንደማይመጣ አውቃለሁ።

ከዋርድ ወጥቼ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አባ ዱራ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አትንገሪያቸው!» አሉ። «እስካሁን ጠብቀን፣ አሁን ጫፍ ላይ ደርሰን?»

«እምቢ አሉ እኮ አባ። ልጄ ካልመጣ ብለዋል።»

«አንድ ዘዴ አለ» አሉ። «እዚህ ድምፁ የታምሩን የሚመስል ልጅ አለ። እናስደውልለት። ‹እማዬ፣ እሺ በይ፣ እኔ እደርሳለሁ› ይበላቸው። መስመሩ ሲቆራረጥ አይለዩትም።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። አባ ዱራ ይህን ያሉት ከፍቅር ነው። ግን እትዬ አስካለ ያንን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው «ታሜ! ታሜዬ!» ሲሉ ታየኝ። የሞተ ልጃቸውን በሌላ ሰው አፍ ልናናግራቸው ነው።

«አባ ዱራ፣ ይህን አላደርገውም» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አማናችንን፣ አደራችንን አትብዪ! አንድ ነገር ቢሆኑ በአንቺ ነው!»

«ይሁን» ብዬ ዘጋሁት። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በእኔ ቢሆንስ? ሄጄ ቀዶ ሐኪሙን ፈለግሁት። የታምሩን ሞት ነገርኩትና «ቢያለቅሱ ይፈነዳል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለቅሶ ያፈነዳዋል ያላችሁ ማነው?»

«ራሳችን ነን።»

«ይህን ያህል ጊዜ ሲያለቅሱ፣ ሲያስሉ፣ ውሃ ሲሸከሙ ኖረዋል» አለ። «ሲያለቅሱ ይነፋል፣ ሲተዉ ይመለሳል። መፈንዳት እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። ስለ ረጋው ደም ግን ዋስትና አልሰጥሽም፤ አሁን እንዳሉም ዋስትና የለኝም። የእኔ እህት፣ እያታለልኳቸው አልቀድም። ከነገርሻቸው እኔ እዚሁ ነኝ።»

ተመልሼ ለሃዋ ነገርኳት። ሃዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «ኢና ሊላሂ...» አለች። ቀጥላ፣ «ብቻሽን ነው የምታረጂያቸው? ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። መርዶ በእኛ አገር በብዙ ሰው ነው የሚነገረው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ቤተኛው ሳይወጣ፣ ሰው በሩ ላይ ይሰበሰባል። አንዱ ሲናገር ሌላው ይይዛል። እኔ ጅማ ላይ ማን አለኝ?

ጎህ ሲቀድ ከእንቅልፌ ብነቃ፣ ማለት እንቅልፍ አልነበረም፣ ሃዋ የየአልጋውን አስታማሚ አሰባስባለች። አንዲት ባሏ የታመመባት ሴት ከሌላ ክፍል መጣች፣ አንዲት ቆጬ ከሚባል ሰፈር የመጣች እናት ሻሿን አስራ ቆማለች፣ ሌሎችም ነበሩ። ማንንም አናውቅም፤ እነሱም የአስካለን ስም ከትናንት በፊት አልሰሙም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እነሱም ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ነርሷ በሩ ላይ ቆመች።

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ገለጡ። በመጀመሪያ ያዩት ነጠላዬን ነው። የስንት ሰው ቤት በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቀማመጥ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ማንም እስኪናገር አልጠበቁም።

«ፀሐይ። ማነው?»

«እትዬ... ታሜ ነው።»

«ታሜ ምን ሆነ?»

«ጊቤ ላይ ተገለበጠ። አለፈ።»

አልጮኹም። ቁጭ አሉ። ሁላችንም ለመያዝ እጃችንን ዘረጋን፤ ዓይናችን ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ የሁላችንም ዓይን አንገታቸው ላይ ነው።

«ሬሳው የት ነው?»

የአልጋውን አንሶላ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ፀሐይ፣ ሬሳው የት ነው? ይዘውት ይምጡ። ተነሱ፣ ልብሴን ስጡኝ።»

«ተቀብሯል፣ እትዬ። ወልቂጤ። ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

ይህንን ስል ነው ፊታቸው የተለወጠው። የልጃቸው ሞት ሲነገራቸው ያልተለወጠ ፊት፣ አሁን ተለወጠ።

«ቀበራችሁት? እኔ እያለሁ?»

«አንገትዎን ፈርተን ነው። ካለቀሱ ይፈነዳል ብለን...»

እጃቸውን ወደ አንገታቸው ወሰዱ። ያንን ቦታ ያዙት፣ ሊነቅሉት እንደሚፈልጉ ሁሉ። «አንገቴ ከልጄ በለጠባችሁ?» አሉኝ። «እኔ የማንን ልጅ ሳላለቅስ ቀርቼ አውቃለሁ? የአንቺን እናት አላለቀስኩም? የአባ ዱራን ወንድም አላለቀስኩም? ለእኔ ልጅ ሲሆን አንገት?»

ከዚያ መጣ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። እብጠቱ ተነፋ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ቆዳው ተወጠረ። ሃዋ ወገባቸውን ይዛለች። ነርሷ ቀዶ ሐኪሙን ጠራችው፤ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ፣ አልከለከላቸውም። ትንፋሽ ሲወስዱ እብጠቱ ይወርዳል፤ ሲጮኹ ይነሳል። አልፈነዳም። ለሰፈሩ ሙታን ሁሉ ግጥም የነበራቸው ሴት፣ ለራሳቸው ልጅ አንዲት ስንኝ አልመጣላቸውም። «ታሜ፣ ታሜ፣ ታሜ» ብቻ። አሰንዳቦ ውስጥ ድንኳን ሊጣልለት የሚገባው ለቅሶ፣ በማናውቃቸው ሴቶች መሀል፣ በግሉኮስ ማንጠልጠያ ሥር ተለቀሰ። የቆጬዋ ሴት በኦሮምኛ ታለቅስላቸዋለች፤ ስሙን ከእሳቸው አፍ ሰምታ «ታምሩ፣ ታምሩ» ትላለች።

ጀምበር ወጥታ ዋርዱ እስኪሞቅ አለቀሱ። ሲደክማቸው ቀዶ ሐኪሙን አዩትና፣ «አሁን የምጠብቀው ሰው የለኝም። ቁረጠው» አሉ።

በማግስቱ ተሠራ። ደም የሰጠችው ሃዋ ናት፤ እኔ የደም ማነስ አለብሽ ተብዬ ተመለስኩ። ቀዶ ሐኪሙ ከረጢቱን ከነረጋው ደም አወጣው። ለምርመራ ከመላኩ በፊት አሳየኝ፤ ጠቁሮ የተኮማተረ ትንሽ ነገር ነው። ይህንን ነው የፈራነው፤ ለዚህ ብለን ነው አንዲትን እናት ከልጇ ቀብር ያስቀረነው።

እትዬ አስካለ ከማደንዘዣው ሲነቁ እጃቸውን ያዝኩ። ቀስ ብለው እጃቸውን ከእጄ አወጡ። እስኪወጡ ድረስ በደግነት ነው ያናገሩኝ፤ «ውሃ ስጪኝ»፣ «መጋረጃውን ዝጊው»። ከዚያ ያለፈ አልነበረም። የሚወጡ ዕለት አባ ዱራና የእድሩ ሰዎች መኪና ይዘው መጡ። ደንብ ነውና እግራቸው ላይ ወደቁ። «ተነሱ፣ እናንተ ሽማግሌዎች ናችሁ» አሉ። መኪናው አሰንዳቦ ሲደርስ ግን አልወረዱም። «ወደ ልጄ ንዱልኝ» አሉ። ደጃፋቸው ላይ ሊያጽናና የተሰለፈውን ሰው በመስኮት እያዩት አለፉ። ዛሬም ወልቂጤ፣ ከልጃቸው ሚስት ጋር ይኖራሉ።

አባ ዱራ ብዙ ጊዜ አኮረፉኝ። «ብትጠብቂ ኖሮ ድነው፣ በአገራቸው፣ በወጉ እናረዳቸው ነበር» ይላሉ። እንደዚያ ቢሆን ይሻል ነበር ወይ? እኔ አላውቅም። አንዳንዴ ቀሚስ እየሰፋሁ ጡሩንባ ስሰማ እጄ ይቆማል።

ውድ አንባቢዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሲያለቅሱ፣ ሲያስሉ፣ ዕቃ ሲያነሱ የሚነፋ፣ ሲያርፉ የሚጠፋ የአንገት እብጠት ካያችሁ ለማንም አታስወጉ፣ አታስተኩሱ። ሐኪሙ ሳያየው ቢጠፋበትም «ሲገፉ ነው የሚወጣው» ብላችሁ ንገሩት፤ አልትራሳውንድ ጠይቁ። ሌላውን ደግሞ ለልጆቼ ያልኩትን ልድገምላችሁ። የእኔ ሰው ከሞተ ያኔውኑ ንገሩኝ ብያቸዋለሁ። ታምሜ ልሁን፣ ቀዶ ጥገና ላይ ልሁን፣ ልቤ ደካማ ነው ተብሎም ከሆነ፣ ንገሩኝ። ብሞትም ሬሳዬ ከሰዌ ሬሳ ጋር ይውጣ። «እማ፣ ክፉ አታውሪ» ይሉኛል። አላወራሁም፤ ያየሁትን ነው የነገርኳቸው።

ባለፈው ወልቂጤ ሄጄ ነበር። ታምሩ ከተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ አገኘኋቸው። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፣ የልጆቼን ጤና ጠየቁ፣ የአሰንዳቦን ሰው ግን በስም አላነሱም። ነጠላቸው ሸርተት ሲል ጠባሳውን አየሁት፤ ቀጭን ነው፣ ከመስመር አይሰፋም። አንገታቸው፣ ይመስገነው፣ ፍጹም ድኗል።